ጠይቁኝ፦ ስምንት ሥራ ከማንጠልጠል አራቱን መጨረስ

ባለፈው እትም ኮምፒውተራችን ሥራ በሚፈታበት ሰዓት አቅሙን ለሳይንስ ስለማዋስ ጽፌ ነበር። ነገሩ ቀላል ነው። አንድ ተቋም ትልቅ ስሌት ይኖረዋል። ስሌቱን በብዙ ሺህ ቁራሽ ይከፋፍለዋል። ቦይንክ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም የጫነ ሰው ቁራሹን በኢንተርኔት ይቀበላል፣ ኮምፒውተሩ ያሰላል፣ ውጤቱን ይመልሳል። ቦይንክ የተወለደው በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከሱ በፊት እዚያው ሴቲ አት ሆም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1999 የተጀመረውና ከሰማይ በሚመጣ የሬዲዮ ሞገድ ውስጥ የሌላ ዓለም ፍጡር ምልክት ሲፈልግ የኖረው።

ከዚያ ጽሑፍ በኋላ ብዙ ደብዳቤ ደረሰኝ። የሚበዛው የሚያጠነጥነው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ በራም። ስለዚህ የዛሬውን አምድ ሙሉ በሙሉ ለሱ ሰጥቼዋለሁ።

አንድ ቃል አስቀድሜ ላጥራ። እኛ ዘንድ «ሚሞሪ» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ስልክ ውስጥ የምትገባዋን ትንሽ ካርድ ነው። እኔ የማወራው ስለሷ አይደለም። ፎቶና ዘፈን ስለሚቀመጥበት ዲስክም አይደለም። ፕሮሰሰሩ አሁን የሚሠራበትን ነገር ዘርግቶ ስለሚይዝበት ቦታ ነው፤ መብራት ሲጠፋ አብሮ ስለሚጠፋው። እሱን ራም እለዋለሁ።

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ጽሑፍዎን አንብቤ ቦይንክን ላፕቶፔ ላይ ጫንኩና የአፍሪካን የዝናብ ስሌት መሥራት ጀመርኩ። አባቴ ገበሬ ነው፤ ሌላውን ትቼ እሱን የመረጥኩት ለዚህ ነው። ላፕቶፔ ኮር አይ ፋይቭ ስምንተኛ ትውልድ ነው፤ 4 ኮር (የስሌት ክፍል)፣ 8 ትሬድ (በአንዴ የሚይዘው ሥራ)፣ 8 ጊጋ ራም፣ 1 ቴራ ሃርድ ዲስክ አለው። መጀመሪያ 4 ሥራ ብቻ ይሄድና ሌሎቹ ላይ «ዌይቲንግ ፎር ሜሞሪ» (ራም እየጠበቀ ነው) ይል ነበር። አልወደድኩትም፤ የሜሞሪውን ገደብ 100 በመቶ አደረግኩት። አሁን 8ቱም ይሄዳሉ። ግን ላፕቶፑ ስታክ ያደርጋል። ታስክ ማናጀር ላይ አንዱ ሥራ ወደ 900 ሜጋባይት እንደሚይዝ አየሁ። ድሮ አንዱ በ7 ሰዓት ያልቅ ነበር፤ አሁን 19 ሰዓት ይፈጃል። ሲፒዩ ታይም የሚለው ግን 8 ሰዓት ብቻ ነው። ፕሮሰሰር ልቀይር ወይስ ራም ልጨምር?» — ከባሕር ዳር

ልጄ፣ ደብዳቤህን ሳነብ ደስ ያለኝ ቁጥሮቹን መዝግበህ በመላክህ ነው። መልሱ እዚያው ደብዳቤህ ውስጥ አለ።

መጀመሪያ የቀኑን ምርት እናስላ። 8 ሥራ በአንድ ጊዜ ሲሄድ፣ 8ቱም በ19 ሰዓት ያልቃሉ። በ24 ሰዓት ወደ 10 ሥራ ማለት ነው። 4 ብቻ ሲሄድ 4ቱ በ7 ሰዓት ያልቃሉ። በ24 ሰዓት ከ13 በላይ ነው። ግማሹን ትሬድ አሳርፈህ የበለጠ ትሠራ ነበር። ገደቡን ስትከፍት ምርትህ ቀነሰ፤ ያውም ላፕቶፑን ራሱን መጠቀም እስኪያቅትህ ድረስ።

ለምን? 8 ሥራ በ900 ሜጋባይት ሲባዛ 7.2 ጊጋ ነው። ያለህ 8 ጊጋ ነው። ዊንዶውስ ለራሱ 2 ጊጋ ያህል ይፈልጋል፤ ብራውዘር ከከፈትክ ደግሞ ሌላ ይጨመራል። አልበቃም። ራም ሲሞላ ዊንዶውስ አይቆምም። ለጊዜው አያስፈልግም ያለውን ክፍል ከራም አንስቶ ሃርድ ዲስክ ላይ ያስቀምጠዋል። ሲፈለግ መልሶ ያመጣዋል፤ ለዚያም ቦታ እንዲገኝ ሌላውን ያወጣል። ሲያወጣና ሲያስገባ ይውላል።

ይህ ምን ያህል እንደሚጎዳ ለማየት ሁለት ቁጥር ይበቃል። ፕሮሰሰሩ ከራም አንድ ነገር ለማምጣት 100 ናኖ ሰከንድ ገደማ ይጠብቃል። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላይ ያለን ነገር ፈልጎ ለማግኘት ወደ 10 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። ልዩነቱ 100 ሺህ ጊዜ ነው።

እናትህ እንጀራ ስትጋግር አይተህ ይሆናል። ሊጡ ከምጣዱ አጠገብ በቡሃቃ ተቀምጧል፤ እየቀዳች ታፈሳለች። አሁን ስምንት ምጣድ ጥዳ፣ ቡሃቃው ግን ለአራት ብቻ የሚበቃ ቢሆንስ? ለቀረው ሊጥ ወፍጮ ቤት ድረስ ልጅ መላክ ሊኖርባት ነው። ልጁ እስኪመለስ ምጣዱ ባዶውን ይግላል። ማገዶው ይነዳል። ያንተም ላፕቶፕ እንደዚያ ነው የሆነው።

ይህን ያረጋገጠልኝ ደግሞ ሳታስተውል የጻፍከው ነው። ሥራው 19 ሰዓት ሲቆይ ፕሮሰሰሩ የሠራው 8 ሰዓት ብቻ ነው። 11 ሰዓት ሙሉ ከዲስክ የሚመጣ ነገር ሲጠብቅ ነበር። ሌሎች አንባቢዎችም ይህን ልብ በሉልኝ። ቦይንክ ላይ አንድን ሥራ መርጣችሁ ፕሮፐርቲስ የሚለውን ስትጫኑ ሁለት የጊዜ ቁጥር ታያላችሁ፤ ሲፒዩ ታይም (ፕሮሰሰሩ የሠራበት) እና ኢላፕስድ ታይም (ሥራው ከተጀመረ ጀምሮ ያለፈው)። ከተቀራረቡ ደህና ነው። ከተራራቁ፣ ኮምፒውተሩንም ሌላ ከባድ ፕሮግራም እየተሻማበት ካልሆነ፣ መጀመሪያ ራሙን ተመልከቱ።

«ዌይቲንግ ፎር ሜሞሪ» የሚለውን እንደ ብልሽት አትየው። ቦይንክ ሲጫን ኮምፒውተሩን እየተጠቀምክበት ሳለ ከራሙ 50 በመቶ፣ ሳትጠቀምበት 90 በመቶ እንዳያልፍ ተብሎ ተስተካክሎ ነው የሚመጣው። ከ8 ጊጋ ግማሹ 4 ጊጋ ነው። 4 ሥራ በ900 ሜጋባይት 3.6 ጊጋ ነው። ፕሮግራሙ ሒሳቡን በትክክል ሠርቶልህ ነበር።

አሁን የምታደርገውን ልንገርህ። ኮምፒውቲንግ ፕሪፈረንስስ ውስጥ ግባ። የሜሞሪውን ገደብ ወደ 50 መልስ። ሳትጠቀምበት ላለው ሰዓት 90 በዝቶብሃል፤ 7.2 ጊጋ ማለት ስለሆነ ያው 8ቱ ሥራ ይነሳሉ። 60 አድርገው። ከሲፒዩው ደግሞ 50 በመቶ ብቻ እንዲጠቀም አድርግ። ያኔ 4 ሥራ ይሄዳል።

እዚያው ገጽ ላይ «ሥራው ሲቆም ራም ውስጥ ይቆይ» የሚል አማራጭ አለ፤ ምልክት አድርግበት። ይህ ለዝናቡ ስሌት በጣም አስፈላጊ ነው። ሥራዎቹ የደረሱበትን ዲስክ ላይ የሚያስቀምጡት በየተወሰነ ርቀት ነው፤ የዝናቡ ስሌት የማስቀመጫ ነጥቦች ደግሞ የተራራቁ ናቸው። አማራጩ ካልተመረጠ ለአፍታ ባቆምከው ቁጥር ሥራው ከራም ይወጣል፤ ሲቀጥል ካለፈው ነጥብ ይጀምራል። መሐል ላይ የሠራኸው ሁሉ ከንቱ ይቀራል። በዚህ ምክንያት ቀኑን ሙሉ ሠርቶ ምንም ያልተራመደ ኮምፒውተር አይቻለሁ። ማታ ላፕቶፑን ስትዘጋም ሻት ዳውን ከምታደርገው ስሊፕ አድርገው።

ወደ ግዢው እንምጣ። ፕሮሰሰር የሚለውን ተወው። በአብዛኛው የዚያ ትውልድ ላፕቶፕ ላይ ፕሮሰሰሩ ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደ ነው። ራም ግን ብዙ ጊዜ መጨመር ይቻላል። ታስክ ማናጀር ክፈት፤ ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ሜሞሪ በል። ከታች «ስሎትስ ዩዝድ» የሚል መስመር አለ። «1 ኦፍ 2» ካለ አንድ ቦታ ክፍት ነው። ተመሳሳይ ዓይነትና ፍጥነት ያለው ባለ 8 ጊጋ ራም ጨምርበት። 16 ጊጋ ይሆንልሃል። ሁለት ራም መሆኑ ብቻውን ሌላ ጥቅም አለው፤ ከሜሪላንድ ለጻፉት እህት ስመልስ እነግርሃለሁ።

ዲስኩን ወደ ኤስኤስዲ ልቀይር ትል ይሆናል። ላፕቶፑ ይፈጥናል፤ እውነት ነው። ለዚህ ችግር ግን መድኃኒቱ እሱ አይደለም። ራም ካነሰህ ኤስኤስዲው ላይ ቀንና ሌሊት ይጻፍበታል። የኤስኤስዲ ዕድሜ ደግሞ በመጻፍ ያልቃል።

16 ጊጋ ካደረግክ በኋላስ 8ቱንም በአንዴ ታስኬዳለህ? እዚህ ጋ ቀስ በል። ፕሮሰሰሩ ውስጥ ካሽ የሚባል ሌላ ትንሽ ማህደረ ትውስታ አለ። ከራም በጣም የፈጠነ ነው፤ ግን ጥቂት ነው። ያንተ ዓይነት ፕሮሰሰር ላይ አብዛኛውን ጊዜ 6 ሜጋባይት ነው፤ ኮሮቹ ሁሉ ይጋሩታል። በምጣዱ ምሳሌ ከቡሃቃው ቀድታ የምታፈስበት ዕቃ ማለት ነው። አንድ ሥራ ብቻውን ሲሄድ ካሹ ይመቸዋል። ስምንት ሲሆኑ አንዱ ያመጣውን ሌላው ይገፋበታል፤ ሁሉም በየደቂቃው ወደ ራም ይመላለሳሉ። የተለያዩ የሳይንስ ሥራዎችን በቦይንክ የሚያከፋፍለው ዎርልድ ኮሚዩኒቲ ግሪድ ላይ እ.ኤ.አ. በ2017 የተጀመረ የማይክሮባዮም ሥራ ነበር፤ ሮዜታ በሚባለው የፕሮቲን ፕሮግራም የሚሄድ። እሱን በብዛት አብሮ ያስኬደ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። ራም ተርፎ ካሽ ያልቅ ነበር። ጥቂቱን ከዚያ ሥራ፣ የቀረውን ከሌላ ቀለል ካለ ሥራ ቀላቅሎ ማስኬድ ነበር የሚሻለው።

ይህኛው ችግር ከመጀመሪያው ይለያል። ፕሮሰሰሩ ካሽና ራም ሲጠብቅ ዊንዶውስ «እየሠራ ነው» ብሎ ይቆጥርለታል። ሲፒዩ ታይምና ኢላፕስድ ታይም እኩል ይሆናሉ። 100 በመቶ ሲሠራ ታያለህ። ስለዚህ በዓይን አይያዝም፤ በመቁጠር ብቻ ነው የሚያዝ። 4 አድርገህ ሦስት ቀን፣ 5 አድርገህ ሦስት ቀን፣ 6 አድርገህ ሦስት ቀን አስኪድ። በቀን ስንት እንደጨረሰ ጻፍ። ቁጥሩ መጨመር ያቆመበት ላይ ቁም። (ሮዜታ አት ሆም በሚባለው ፕሮጀክት ላይ ይህ ቆጠራ አይሠራም። እዚያ አንዱ ሥራ አስቀድሞ በተወሰነለት ሰዓት ነው የሚያበቃው፤ የሚለየው በዚያ ሰዓት ውስጥ ስንት ሞዴል እንደሠራ ነው።)

የመረጥከውን ሥራ በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። የአፍሪካ የዝናብ ስሌት እ.ኤ.አ. በ2019 በኔዘርላንድስ የዴልፍት ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የተጀመረ ነው። ከሰሃራ በታች ያለውን አፍሪካ በ1 ኪሎ ሜትር ጥራት ያሰላል። እኛ ዘንድ ዝናብ ከአንዱ ቀበሌ ጥሎ ሌላውን እንደሚዘል አባትህ ያውቃል። ተራራ ካለበት የበለጠ ነው። ትልልቆቹ የአየር ሞዴሎች አንዱን ካሬ በብዙ ኪሎ ሜትር ስለሚወስዱት ያንን አያዩትም። ካሬው ሲያንስ ግን የሚያዘው ቁጥር ይበዛል፤ ራሙም የሚበላው ለዚህ ነው። ከባድ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም።

«ወንድሜ፣ ሰላም ለአንተ ይሁን። ሜሪላንድ ነው የምኖረው፤ ነርስ ነኝ። ትልልቅ ብቸኛ ቁጥሮችን (ከ1ና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የሌላቸውን) የሚፈልገውን ፕራይም 95 የሚባል ፕሮግራም ከልጄ ጋር እናስኬዳለን፤ ሒሳብ እንዲወድ ብዬ ነው የጀመርኩት። ዴስክቶፑ 6 ኮር ነው። ሁለት ባለ 4 ጊጋ ራም ነበረው። አውጥተን አንድ ባለ 32 ጊጋ ገዝተን አስገባን። ሥራው ግን ጭራሽ ዘገየ! ልጄ «እማዬ፣ ብር አባከንሽ» አለኝ። ምን አጠፋን?»

እህቴ፣ አላባከኑም። አንድ ነገር ብቻ ነው የጎደለው።

ራምና ፕሮሰሰሩ የሚገናኙበት መንገድ ቻናል ይባላል። በተለመደው ዴስክቶፕ ሁለት ቻናል አለ። ሁለት ራም በትክክለኛው ቦታ ሲገባ ሁለቱም መንገድ ይሠራል። አንድ ራም ብቻ ሲሆን፣ 4 ጊጋም ይሁን 32፣ አንዱ መንገድ ዝግ ነው። ቁጥሩ እንዲህ ነው። ዲዲአር 4 የሚባለው ራም በ3200 ፍጥነት በአንድ ቻናል በሰከንድ 25.6 ጊጋባይት ያሳልፋል። በሁለት ቻናል 51.2 ነው። እርስዎ ቡሃቃውን አራት እጥፍ አሳደጉት፤ በሩን ግን በግማሽ አጠበቡት።

ለብዙ ሥራ ይህ ጎልቶ አይታይም። ለፕራይም 95 ግን ሁሉ ነገሩ በሩ ነው። ምክንያቱን ለልጅዎም እንዲያስረዱት ትንሽ ልዘርዝረው።

የሚፈተኑት ቁጥሮች መርሴን ይባላሉ። 2ን ብዙ ጊዜ በራሱ አባዝቶ 1 መቀነስ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 የተገኘው 2 በራሱ 136,279,841 ጊዜ ተባዝቶ 1 ሲቀነስ የሚመጣው ነው፤ 41,024,320 አሃዝ አለው። እንዲህ ያለውን ቁጥር ለመፈተን ፕሮግራሙ አንድን ግዙፍ ቁጥር በራሱ ያባዛል፣ ያካፍላል፣ ቀሪውን እንደገና በራሱ ያባዛል። ይህን ከ100 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ይደጋግመዋል። ግዙፉን ቁጥር 6 ሚሊዮንና ከዚያ በላይ በሆነ ቁራሽ ይከፍለዋል፤ እያንዳንዱ ቁራሽ 8 ባይት ይይዛል። 6 ሚሊዮን በ8 ሲባዛ 48 ሚሊዮን ባይት ነው። ባለ 6 ኮር ፕሮሰሰር ካሽ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ያንሳል። አይገባም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ማባዛት ያ ሁሉ ነገር ከራም ይመጣል፣ ወደ ራም ይመለሳል። ፕሮሰሰሩ ሒሳቡን በቶሎ ይጨርስና የሚቀጥለው እስኪመጣ ይጠብቃል። ራሙ 32 ይሁን 8፣ ፈተናው የሚይዘው ከመቶ ሜጋባይት ብዙም አይርቅም። መጠን አልነበረም የጎደለው።

ሁለት ነገር ያድርጉ። አንደኛ፣ ከተቻለ ያንኑ ዓይነት ሌላ ራም ይጨምሩ። ያ ከበዛ፣ አንዱን 32 መልሰው ሁለት ባለ 8 ይውሰዱ፤ ገንዘብም ይተርፍዎታል። የማዘርቦርዱ መጽሐፍ ሁለቱ የት እንደሚገቡ ያሳያል። አራት ቦታ ካለው ብዙ ጊዜ ጎን ለጎን አይደለም፤ አንድ ዘሎ ነው። ሁለተኛ፣ ስድስት ፈተና በስድስት ኮር ለየብቻ እያስኬዱ ከሆነ ያቁሙት። ስድስት ግዙፍ ቁጥር በአንድ በር ሊያልፍ ይጋፋል። ስድስቱንም ኮር በአንድ ፈተና ላይ ያሰልፏቸው። ልጅዎ የመጀመሪያውን ውጤት ቶሎ ያያል። ለልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

32 ጊጋው፣ ካልመለሱት፣ የሚጠቅምበት ቦታም አለ። ፕራይም 95 ከዋናው ፈተና በፊት ቁጥሩ ትንሽ አካፋይ እንዳለው ይፈልጋል። ከተገኘ የብዙ ቀን ፈተና ይቀራል። የዚያ ፍለጋ ሁለተኛ ደረጃ ብዙ ራም ሲሰጡት ይበረታል። ፕሮግራሙ ግን ሳይፈቀድለት ብዙ አይወስድም። ሪሶርስ ሊሚትስ የሚለው ውስጥ ገብተው 16 ወይም 20 ጊጋ ይፍቀዱለት። ለልጅዎም ብሩ እንዳልባከነ በዚህ ያሳዩት።

«ስልኬ 3 ጊጋ ራም አለው። ቦይንክ ላስገባበት? ድሬዳዋ ነኝ።»

አስገባው። ቀላል ሥራ ያለበትን ፕሮጀክት ምረጥ፤ በአንድ ጊዜ ከአንድ ሥራ በላይ አትፍቀድለት። አንድሮይድ ራም ሲያንሰው ከጀርባ የሚሄደውን ፕሮግራም ይዘጋል፤ ሁለት ሦስት ሥራ ከሆነ በየጊዜው እየተዘጋ ከኋላ ይጀምራል። ቦይንክ ስልክ ላይ ሲጫን፣ ቻርጅ ላይ ሲሆን፣ ባትሪው 90 በመቶ ሲደርስና ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በታች ሲሆን ብቻ እንዲሠራ ተስተካክሎ ነው የሚመጣው። በድሬዳዋ ቀን ይህ መቼም አይሞላ ይሆናል። ገደቡን አትንካ። ሌሊት ይሥራ።

«ጤና ይስጥልኝ። አዳማ ውስጥ የትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ነኝ። በዕረፍት ሰዓት 12 ኮምፒውተሮች ላይ አይንስታይን አት ሆም የሚባለውን የቦይንክ ፕሮጀክት እናስኬዳለን። አሥራ አንዱ ደህና ናቸው። አንዱ ግን በየጊዜው ውጤቱ «ኢንቫሊድ» (ተቀባይነት የለውም) ይባላል። ቫይረስ የለውም። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ጫንኩበት፤ አልተሻለውም። ከሌሎቹ የሚለየው ባለፈው ዓመት ራም የተጨመረለት መሆኑ ነው።»

መምህር፣ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሳነብ ልቤ ዘለለ። ይህ በኔ ላይ ደርሷል።

እ.ኤ.አ. በ2009 አካባቢ ነው። ሴቲ አት ሆምን አስኬድ ነበር። ያኔ ኢንተርኔት ቀርፋፋ ነበር፤ ሴቲ የተመቸኝም ለዚያ ነው። አንዱ ሥራ 107 ሰከንድ የሬዲዮ ቅጂ ነው፤ ፖርቶ ሪኮ ከነበረው የአሬሲቦ ቴሌስኮፕ የተወሰደ። መጠኑ ከግማሽ ሜጋባይት ያንሳል። ለዴስክቶፔ ያገለገለ 1 ጊጋ ራም ከአንድ ሱቅ ገዛሁ። ኮምፒውተሩ በደንብ ይነሳል፣ ወርድም ኢንተርኔትም ይሠራል፣ አንዴም ሰማያዊ ገጽ አላሳየኝም። ሦስት ሳምንት ቀንና ሌሊት አስኬድኩት። ከዚያ ገጼን ከፍቼ ሳይ ከግማሽ በላይ ሥራዬ ተጥሏል።

የተጣለበት መንገድ ትክክል ነበር። ሴቲ አንዱን ሥራ ለሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ይልክ ነበር። ሁለቱ ውጤቶች ከተስማሙ ይቀበላል። ካልተስማሙ ለሦስተኛ ይልካል። ሦስተኛው በየጊዜው ከሌላኛው ሰው ጋር ነበር የሚስማማው። እኔ ስህተት ነበርኩ። ያን ቀን ያዘንኩት ለመብራቱ ብቻ አይደለም። በየሥራው ሌላ አንድ ሰው የኔን ስህተት ለማረም እንደገና አስልቷል።

ራሙን አንድ በአንድ አውጥቼ ሞከርኩ። አዲሱ ነው። አንድ ቦታ ላይ አንዳንዴ 0 የተጻፈውን 1 አድርጎ ይመልስ ነበር። ፊደል ላይ ቢሆን አንዲት ፊደል ትበላሽ ነበር፣ አላይም። ፊልም ላይ ቢሆን አንዲት ነጥብ ቀለሟ ይለወጥ ነበር። ቢሊዮን ጊዜ የሚደጋገም ስሌት ላይ ግን አንዷ ስህተት እስከ መጨረሻው ትከተላለች። በሌላ ሥራ ላይ ተደብቃ የምትኖር ጉድለት እዚህ ትጋለጣለች።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ከፕሮጀክቱ ያውጡት፤ አዲስ ሥራ አይውሰድ። ሜምቴስት 86 የሚባለውን በፍላሽ ጭነው ኮምፒውተሩን በሱ ያስነሱት። አንድ ዙር አይበቃም፤ ሌሊቱን ሙሉ ይፈተን። የኔ ራም መጀመሪያ ዙር ላይ አልፎ ነበር፤ የያዘው አራተኛው ዙር ነው። አንድም ቀይ መስመር ካዩ «አንድ ብቻ ነው» ብለው አይለፉት።

ቀይ ካሳየ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው የማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ገብተው የራሙን ፍጥነት ያረጋግጡ። ሁለቱ ራሞች ፍጥነታቸው የተለያየ ከሆነ ወይም አንድ ሰው ከተጻፈለት በላይ ከፍ ካደረገው፣ ወደ መደበኛው ይመልሱትና እንደገና ይፈትኑ። ያልፍ ይሆናል። ካላለፈ ኮምፒውተሩን አጥፍተው፣ ገመዱን ነቅለው፣ ራሞቹን ያውጧቸው። ወርቃማ ጥርሶቹን በንጹሕ ላጲስ ቀስ ብለው ይሹ፣ ፍርፋሪውን በደረቅ ብሩሽ ይጥረጉ። ቦታውንም አቧራ ካለበት ያጽዱ። በእኛ አቧራ ብዙ ጊዜ ችግሩ ይሄው ብቻ ይሆናል። መልሰው ሲያስገቡ ጠቅ ብሎ እስኪይዝ ይጫኑት።

አሁንም ቀይ ካለ አንዱን ብቻ አስገብተው ይፈትኑ፣ ከዚያ ሌላውን። ጥፋተኛው ይታወቃል። እሱን ለልጆቹ «ይህ የተበላሸ ራም ነው» ብለው ማስተማሪያ ያድርጉት እንጂ ሌላ ኮምፒውተር ላይ አይክተቱት። በአንድ ራም የቀረው ኮምፒውተር ሁለት ሥራ በትክክል ቢሠራ ይበቃዋል። ከዚያ ወደ ፕሮጀክቱ ይመልሱትና የመጀመሪያዎቹ አሥር ውጤቶች «ቫሊድ» እስኪባሉ በየቀኑ ይዩልኝ። ያገኙትንም ይጻፉልኝ።